ጃንሆይ ያልተቀመጡበት ድንጋይ

ውሸቱን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሙቀቱ አናደደኝ፣ ቀለም ይዞ የመጣው ልጅ አበሸቀኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አፉ የእኔ ነው፣ የተናገረውም እሱ ነው።

የሻረግ አምባዬ እባላለሁ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ሻይ ቤት አለኝ። አባቴ ባቡር ነጂ ነበር፤ ሻይ ቤቱን የከፈተችው እናቴ ናት። በቆርቆሮና በጣውላ የቆመ፣ አራት አግዳሚ የሚይዝ ቤት ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዬ አለች። ባሌ ሞቷል፣ ልጅ አልወለድኩም። ከዚያ ቤት ሌላ የምገባበት የለኝም።

በሩ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ ግን ማንንም አያስቀምጥም፣ ይጠብሳል። ከድንጋዩ አጠገብ በጆንያ የተጠቀለለ የውሃ እንስራ አለ፤ ጣሳ በሰንሰለት ታስሮበታል። መንገደኛ መጥቶ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

ያ እንስራ ዕዳዬ ነው። ሌላው አባት ሲሞት ለልጁ መሬት ያወርሳል፣ ከብት ያወርሳል። የእኔው አባት ሊሞት ሲል እጄን ያዘና «የሻዬ፣ እንስራው እንዳይጎድል» አለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ኑዛዜ የለም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሊነግረኝ አልቸኮለም፣ ሞተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላሁት። ቧንቧው ሲደርቅ በአህያ ጋሪ እያስቀዳሁ ሞላሁት። እየተራገምኩ ነው እንጂ እየመረቅኩ የሞላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያልሞላሁት ባሌን የቀበርኩ ሰሞን ብቻ ነው፤ ለቅሶ ተቀምጬ ሳምንት ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ ግን ሙሉ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤቴን ታጁን አመሰገንኩት። ታጁ የወሎ ልጅ ነው፣ ከጎኔ ሱቅ አለው። «ምን አይደል እትዬ» አለኝ።

እንግዲህ አምና መንገዱ ይሰፋል ተባለና አንድ ልጅ ቀይ ቀለም ይዞ መጣ። የታጁን ሱቅ አለፈው። የእኔ በር ላይ ግን በሩን የሚያህል ኤክስ ጻፈበት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ይነሳል ማለት ነው።»

«ሁሉም ይነሳል?»

«ቅርስ ካልሆነ በቀር። አሮጌው ጣቢያ ቅርስ ነው፣ አይነካም። የባቡሩ ድልድይም አይነካም።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ምን?»

«ስልሳ ዓመቴ ነው።»

ትንሽ አሰበበት፤ ልጁ ክፉ አይደለም። «ለሰው አይሠራም» አለኝና ብሩሹን ነክሮ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ፓርኩ የሚሄዱ ጎብኚዎች ሻይ ሊጠጡ ወረዱ። አንደኛው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ድንጋዩን ዞሮ ዞሮ አየውና «ይሄ ድንጋይ ታሪክ ይኖረዋል አይደል?» አለኝ። ዓይኔ ቀዩ ኤክስ ላይ ነበር። ደሜ ፈላ። ይህ ሰውዬ ለድንጋይ ታሪክ ሲፈልግ እኔን ማን ፈለገኝ?

«እንዴታ!» አልኩ። «ጃንሆይ የተቀመጡበት ነው። ባቡሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲበላሽባቸው ወርደው መጡና እዚህ ቁጭ ብለው ሻይ ጠጡ። በሁለት ስኳር።»

ስኳሩ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጃንሆይ ያልተቀመጡበት ድንጋይ በዚህ አገር እንደሌለ ግን አውቃለሁ፤ አንድ ቢጨመር ምንም አይደል ብዬ ነው። ሰውየው ፎቶ አነሳ፣ ሻዩን ጨለጠ፣ ሄደ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

እንስራው ጋ ግን አንድ የአፋር ጎልማሳ ውሃ እየጠጣ ነበር። ጠጥቶ ጣሳውን መለሰ፤ «አንቺ የሻረግ ነሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «የአምባዬ ልጅ?» «አዎ።» ራሱን ነቀነቀና በትሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አዋሽ አርባ አቅጣጫ ሄደ።

እዚሁ ተወልጄ ስልሳ ዓመት ኖሬ ይህን መርሳቴ ነው የሚያንገበግበኝ። አፋር ዳጉ የሚባል ነገር አለው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ይሉና ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ ይባባላሉ። ሰሚው አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ የነገረውንም ሰው ስም አይጥልም። የእኛ የደገኞቹ ወሬ ሁለት ቤት ካለፈ ቀንድ ያበቅላል፤ የዳጉ ወሬ ግን ጅቡቲ ድንበር አጠገብ አፋምቦ ደርሶ ሲመለስ ልክ ከአፍ እንደወጣ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ዳጉ አይጠፋም። እዚህ አገር አፋር ውሃ እየጠጣ ባለበት ውሸት አይወራም።

በሳምንቱ ብሩኬ መጣ። ብሩኬ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ደንበኛዬ ነው። ቁጭ ሳይል «እትዬ የሻረግ፣ ገላፊ ላይ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ከየት ነህ አለኝ» አለ።

«እሺ?»

«ከአዋሽ ስለው፣ የሻረግ የአምባዬ ልጅ፣ ውሃው ያለበት ደጅ፣ ጃንሆይ ድንጋዬ ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ ብላለች፣ እውነት ነው ወይ አለኝ።»

«ሁለት ስኳሩንስ አለ?»

«ሁለት ስኳሩን አለ።»

ገላፊ ማለት ድንበሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ ነው። ብርጭቆውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ የእኔውስ አፋፉንም አልፎ ጉምሩክ ደርሷል።

ከዚያ በኋላ ስልክ ተደወለ። ፋሪሃ የምትባል፣ ሰመራ ከተማ ቅርስ የሚመዘግብ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ግን እማማ ትለኛለች።

«እማማ፣ ስለ ድንጋዩ ሰምተናል። ከሦስት የተለያዩ ወረዳዎች የመጡ ሦስት ሰዎች ነግረውናል። የሦስቱም ቃል አንድ ነው። አንድም ቃል አይለይም።»

«አይለይም?»

«ስኳሩ እንኳ አንድ ነው። በቃል ማስረጃ እንዲህ ያለ መስማማት አጋጥሞን አያውቅም። በሚቀጥለው ሐሙስ መጥተን እንመዘግባለን። እስከዚያ ቤቱም ድንጋዩም እንዳይነካ ደብዳቤ ጽፈናል።»

ደስ አለኝ። አላፈርኩም ብዬ አልምልም፤ ግን ከሐፍረቱ ደስታው በለጠ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የቆርቆሮውን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ። በፊት ስቆጥራቸው እራገም ነበር፣ ያን ቀን ግን አሥራ ሰባቱም አማሩብኝ።

ታጁ ነገሩን ሲሰማ የእኔን ያህል ተደሰተ። እውነቱን ነገርኩት። እሱ እውነት አያስደነግጠውም፣ ነጋዴ ነው።

«እትዬ፣ ማስረጃ ያስፈልጋል» አለ።

«ምን ማስረጃ?»

ወደ ሱቁ ገብቶ የወርቅ ቀለም ቅብ ጠርዝ ያለው ብርጭቆ ይዞ መጣ። «ጃንሆይ የጠጡበት» አለኝ።

«ታጁ፣ እኔ አንዴ ነው የዋሸሁት። አንተ ደግሞ ልታጅበኝ ነው?»

«ወላሂ አልዋሽም። ብርጭቆውን አስቀምጣለሁ እንጂ አልናገርም።»

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከአይሱዙ ላይ ወረደ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ የነጣ አፋር ነው። በትሩን እያስቀደመ መጣና መጀመሪያ እንስራው ጋ ቆመ። ክዳኑን አነሳ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ቀድቶ ጠጣ። ከዚያ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። ያዮ እንደሚባልና ከአፋምቦ እንደመጣ ነገረኝ። ሻይ አቀረብኩለት። ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠም፤ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። ታጁ ወንበር ሲያመጣለት በእጁ መለሰው። ጤናዬን፣ ቤቴን፣ ዝናቡን፣ የወንዙን ሙላት አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ እኔም የእሱን ግመሎች ጠየቅኩ። ስንጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«የአምባዬ ልጅ» አለኝ። አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ለማንም አይቀይርም። «ስለዚህ ድንጋይ አንድ ወሬ ሰማሁ። ከማን ሰማህ እያልኩ ስጎትተው አንቺ ጋ ደረሰ። አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

አየሁ ብል ዕድሜዬ አይፈቅድም መሰለኝ። «ሰማሁ» አልኩ።

«ከማን?»

ምን ልበል? ታጁ በሱቁ በር አንገቱን አስግጎ ያያል። ኤክሱ በሬ ላይ ነው። «ከአባቴ» አልኩ።

«አምባዬ ነገረሽ?»

«አዎ።»

«ጃንሆይ እዚህ ተቀመጡ ብሎ?»

«አዎ።»

«በሁለት ስኳር?»

«በሁለት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ሽማግሌው ሻዩን እስከ አተላው ጠጣ። «ሰዎቹ መቼ ይመጣሉ?» አለኝ። ሐሙስ አልኩት። «እቆያለሁ» አለ።

ቆየም። መስጊድ እያደረ፣ ቀን ቀን እየመጣ ከድንጋዩ ጎን መሬት ላይ ይቀመጣል። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ፋሪሃ ፊት አንድ ቃል ከተናገረ ቤቴ እንደሚፈርስ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። እኔን ግን የበላኝ ቤቱ ብቻ አልነበረም። አባቴ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ቁጡ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር፣ እናቴን ያስለቅሳት ነበር። አይዋሽም ነበር ግን። ባቡሩ አራት ሰዓት ከዘገየ አራት ሰዓት ዘገየ ብሎ የሚጽፍ፣ አምስት ደቂቃ ለራሱ የማይቀንስ ሰው ነው። እሱን ከመቃብሩ አንስቼ አስዋሸሁት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ሐሙስ ፋሪሃ መጣች። ሜትር የያዘ ሰውዬ ከከተማው ተመድቦላታል። እሷም የአፋር ልጅ ናት፤ ሽማግሌውን ስታይ ሄዳ እጁን ሳመች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቅጿን ዘረጋች። ታጁ ብርጭቆውን በሰሃን ላይ አድርጎ አቀረበ። አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ ቂጡን አየችው።

«ቻይና የተሠራ ነው ይላል» አለች።

«ጃንሆይ ከቻይና ጋር ጥሩ ግንኙነት ነበራቸው» አለ ታጁ።

ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ መለሰችለትና ወደ ቅጿ ዞረች። «የቅርሱ ስም፣ የጃንሆይ ድንጋይ። ተራኪ፣ የሻረግ አምባዬ። ደጋፊ ምስክር፣ ሦስት። እማማ፣ ታሪኩን ከማን ሰሙት?»

ያዮን አየሁት። እሱ እኔን አያይም፤ እንስራውን ነው የሚያየው። ከአባቴ ብል በቀለም ይጻፋል፤ ሰመራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አባቴ እስከ ዓለም ፍጻሜ ሲዋሽ ይኖራል።

«ከማንም አልሰማሁም» አልኩ። «ዋሽቼ ነው። ቤቴን እንዳያፈርሱብኝ ብዬ።»

ፋሪሃ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ሦስቱ ምስክሮችስ?»

«ሦስቱም እኔ ነኝ።»

ታጁ ብርጭቆውን ከነሰሃኑ ይዞ ወደ ሱቁ ገባ። ሜትር የያዘው ሰውዬ «እንግዲያው ሰኞ ይነሳል» አለና ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። ፋሪሃ ቅጹ ላይ ረጅም መስመር ሰረዘች። ልቤ ተሰበረ፣ አልደብቅም። ስልሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት በአንድ መስመር አለቀ። ደግሞም ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ተነፈስኩ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ነው የመጡት።

ይህን ጊዜ ያዮ በትሩን መሬት ላይ አጋደመ። «አንድ ድንጋይ ሁለት ወሬ አይሸከምም» አለ። «እሷ የእሷን አነሳች። አሁን የእኔን ላስቀምጥ።»

ፋሪሃ ከወንበሯ ወርዳ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቅጿን ዘጋች። «አየህ ወይስ ሰማህ?» አለችው።

«አየሁ» አለ።

እንዲህ ነው ያወራው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ሐሰን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ሐሰን ግመሎቹን ከወዲያ አቁሞ ውሃ ሊለምን ወደ ጣቢያው ሲሻገር ሐዲዱ ላይ ባቡር ገጨው። ሞተ። የነጂው ስም አምባዬ ነበር።

አባቴ ነው። ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ነግሮኝ አያውቅም።

«እኔ ጩቤ ይዤ መጣሁ» አለ ያዮ። «የባቡሩ ሰዎች በሙሉ በር ዘግተዋል። አምባዬ ግን እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ባዶ እጁን። ሚስቱ ከኋላው ቆማለች፣ ሕፃን አዝላለች። ድንጋዩ ያቃጥል ነበር። አልተነሳም። የጎሳችን ሽማግሌዎች እስኪመጡ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ሲመጡም ገደልኩት አለ። ውሃ ሊለምን እየመጣ ነበር፣ ፍሬን ይዤ አልደረስኩም አለ።»

«ከዚያስ?» አለች ፋሪሃ።

«ሽማግሌዎቹ ካሳ ቆጠሩ። እናቴ ግን ግመል አልፈልግም አለች። ልጄ የሞተው ጠምቶት ነው፤ ከዚህ ደጅ ማንም ጠምቶት አይለፍ አለች። አምባዬ እኔ እስካለሁ ይሁን አለ። ስትሞትስ አለችው። ዞረና ሕፃኗን አሳያት። እቺ ትሞላለች አለ።» በጣቱ አመለከተኝ። «እቺ ናት።»

አለቀስኩ። እኔ ለቅሶ ቤት እንኳ በግድ የማለቅስ ሴት ነኝ፣ ያን ቀን ግን ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የረገምኩት እንስራ የአባቴ ቃል ነበር። እኔ ደግሞ ቃሉን ትቼ ስኳር ፈለግኩለት።

ፋሪሃ ቅጹን እንደገና ከፈተች። «የጃንሆይ ድንጋይ» የሚለውን ሰርዛ ስሙ ማን ይባል ስትል ያዮ «የሐሰን ውሃ» አለ። ጻፈችው። ድንጋዩንና እንስራውን ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ ያዮን አስፈረመች፣ እኔን አስፈረመች። ከዚያ መመሪያ የሚባለውን ወረቀት አወጣችና አነበበች። እያነበበች ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«እማማ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ቅርሱ ተመዝግቧል። ማንም አይነካውም።»

«ተመስገን።»

«ከቅርሱ ዙሪያ በአሥር ሜትር ውስጥ ግን ምንም ግንባታ አይፈቀድም ይላል።»

ሜትር የያዘው ሰውዬ ሳይታዘዝ ለካ። ከድንጋዩ እስከ በሬ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ነው። ታጁ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሰማ፤ የእሱ ሱቅ አሥራ አንድ ሜትር ላይ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሊለኝ አፉን ሲያሾል አየሁት፣ በዓይኔ ዋጥኩትና ዝም አለ።

ፋሪሃ አዘነች። ጊዜ እሰጥሻለሁ አለችኝ፣ አንቺ ማለቷንም ልብ አላለችም። እኔ ግን ጊዜ አልፈለግኩም። ሌላ እጅ እንዲያፈርሰው አልፈለግኩም። ዓርብና ቅዳሜ ከታጁ ጋር ቆርቆሮውን ነቀልን፣ ጣውላውን ፈታን። አልጋዬ ታጁ ሱቅ ጀርባ ገባች። ድንጋዩና እንስራው ለብቻቸው ቀሩ። እሑድ ጠዋት ጀበናና ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፣ አምስት ሰዓት ላይ ድንጋዩ አባረረኝ።

ያዮ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ቅዳሜ ውሃ ሊጠጣ የመጣ አንድ መንገደኛ ይዞ በአፋርኛ ሲያወራ አይቻለሁ። ማክሰኞ ማለዳ ከአዋሽ አርባ በኩል ስድስት ሴቶች በሁለት ግመል መጡ። ግመሎቹ የጎበጡ እንጨቶችና የተጠቀለለ ሰሌን ጭነዋል። የእኔን አሳብ የጠየቀኝ የለም። እንጨቶቹን ተከሉ፣ አጎበጡ፣ በገመድ አሰሩ፣ ሰሌኑን ደራርበው አለበሱት። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ድንጋዩን ሁለት ሜትር ከሠላሳ ተጠግቶ ቤት ቆመ። የአፋር ሴት ቤቷን በግመል ጭና ሄዳ የምትተክል ናት፣ ይህ ለእሷ ሥራ አይደለም። ገብቼ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ስልሳ ዓመት ያበሰለኝ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ነፋስ አገኘሁ።

ፋሪሃ በወሩ ለቁጥጥር መጣች። ሰሌኑን ዞራ ዞራ አየችው። ሜትር የያዘው ሰውዬም አብሯት ነው።

«መሠረት አለው?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ አየ። «የለውም።»

«ምስማር?»

«የለውም።»

«ይነሳል?»

«በአንድ ግመል ይነሳል» አልኩ እኔ።

ቅጿን አወጣችና «በአሥር ሜትር ውስጥ ግንባታ የለም» ብላ ጻፈች። ገብታም ሻይ ጠጣች። የቅርሱ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ይመጣል ብላናለች፣ ገና አልመጣም።

ያዮ ግን ከዚያ በፊት፣ ቤቱ በቆመ ማግስት ነው የሄደው። አይሱዙውን ስንጠብቅ ከእንስራው ቀድቶ ጠጣና እንዲህ አለኝ፦

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ከአዋሽ የመጣውን ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር። እንስራው ሙሉ ነው ወይ? ትላለች። ሙሉ ነው ይሏታል። እሷ ስትሞት እኔ መጠየቅ ጀመርኩ።»

«ሁልጊዜ ሙሉ ነው ይሉሃል?» አልኩት። አንተ አልኩት፣ እሱ አንቱታ ካላወቀ እኔስ ለምን ልድከም።

«አንድ ጊዜ ጎደለ አሉ። ስንሰማ ደነገጥን። ባሏ ሞቶባት ነው ተባለ። እዚህ የቅርብ ዘመዶቻችን ሄደው ይሙሉ ብለን መልእክት ሰደድን። ሞሉት።»

ዞሬ ታጁን አየሁት። ከጎናችን ቆሟል።

«ታጁ፣ አመስግኜህ አልነበረም?»

«እኔ ሞላሁ አላልኩም» አለ። «ምን አይደል ነው ያልኩት።»

አይሱዙው መጣ፣ ሽማግሌው ተሳፈረ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ብቻዬን የምኖር ይመስለኝ ነበር። ጀርባዬን የሚያይ የለም፣ ብሞት የሚሰማ የለም እል ነበር። ለካ እስከ አፋምቦ ድረስ፣ በየመንገዱ ቁጭ ባሉ ሁሉ አፍ ላይ፣ የእኔ እንስራ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አፋር መጥቶ ጠጣ። ወዴት ነህ ስለው አፋምቦ አለኝ።

«እዚያ ያዮ የሚባል ሽማግሌ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«የሻረግ፣ የአምባዬ ልጅ፣ እንስራው ሙሉ ነው ብላለች በለው።»

ልጁ እሺ አላለም። ተመልሶ ሄደና ክዳኑን አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ።

«ሁለት ጣት ይጎድላል» አለኝ።

አሁን አንተው ራስህ የጠጣኸው ነው ልለው ነበር። ተውኩት። ባልዲውን አንስቼ ሞላሁት። እንደገና አየ።

«አሁን ሙሉ ነው» አለና ክዳኑን ገጥሞ መንገዱን ቀጠለ።